እማማ የዞሩት አገር

መምህርቷ የቆሻሻ ከረጢት አንጠልጥላ ደረጃውን ስትወርድ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ገርበብ ካለው የጎረቤታቸው የሲስተር በር ውስጥ የአማቷን ድምፅ ሰማች። «እኔስ ለምጄዋለሁ» ይላሉ እማማ፣ «የምታስቸግረኝ ምራቴ ናት እንጂ። አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል ትንቀጠቀጣለች። እጄን እንደ ሕፃን ጭብጥ አድርጋ ይዛ እስክንደርስ አትለቀኝም። ምን ላድርጋት፣ አይዞሽ እያልኩ እወስዳታለሁ።» መምህርቷ ባለችበት ክው ብላ ቀረች። አንድ እግሯ ታችኛው ደረጃ ላይ፣ አንዱ ላይኛው ላይ፣ ከረጢቱ መሐል ላይ እየተወዛወዘ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእሷ ጆሮ ግን በዚያ ጠዋት ባዳነቱን ትቶ እያንዳንዷን ቃል ለቀመላት።

ይህን የሚሰማ ሰው እማማ ግማሽ ዕድሜያቸውን ደመና ላይ ያሳለፉ ይመስለዋል። እማማ ግን እንኳን አውሮፕላን፣ የሐኪም ቤቱን ሊፍት አልገባም ብለው አምስት ፎቅ በእግራቸው የወጡ ሴት ናቸው። በየዓመቱ የክረምት ዕረፍት ሲመጣ ሩቅ አገር የሚሄዱት መምህርቷና ባሏ ናቸው። እሷ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ እሱ የዚያው ትምህርት ቤት የአውቶብስ ሹፌር፤ ዓመቱን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያመላልሱና አፍንጫ ሲጠርጉ ይከርሙና፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ለሁለት ሳምንት ድራሻቸው ይጠፋል። አንድ ዓመት በረዶ የለበሰ ተራራ፣ አንድ ዓመት አሸዋው እንደ ምድጃ የሚፋጅ በረሃ፣ አምና ደግሞ ፏፏቴ ያለበት ጫካ። እማማ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ከተማው ዳር ሴት ልጃቸው ቤት ያርፋሉ። ሦስቱም በአንድ ታክሲ ይወጣሉ፣ ሲመለሱም ሦስቱም ከአንድ ታክሲ ይወርዳሉ። እማማ ደህና ካፖርታቸውን ለብሰው ባለጎማ ሻንጣቸውን ደረጃው ላይ እያንቋቁ ሲወርዱ የሕንጻው ሰው በሙሉ በመስኮት ያያቸዋል። ያ ሻንጣ ለምን እንደዚያ እንደሚንቋቋ ለመምህርቷ ገና አሁን ገባት።

«መስኮቱስ ይከፈታል እንዴ?» አሉ ሲስተር ከውስጥ። ሲስተር ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩ ግማሽ ልጅ እሳቸው እጅ ላይ ነው የተወለደው፤ ደም አይተው ዓይናቸው እርግብ አይልም። አውሮፕላን ግን ሲያልፍ እንኳ ቀና ብለው አያዩም። አሁን ልጃቸው ባሕሩ አጠገብ ካለው ከተማ ወልዳለች። የስንቱን ልጅ የተቀበሉት እጆች የራሳቸውን የልጅ ልጅ ገና አልነኩም፤ በመኪና ልሂድ ቢሉ ደግሞ መንገዱ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ቆርጠው ቲኬት ቆረጡ። በረራው ዛሬ ከሰዓት ነው፣ ያውም እነመምህርቷ በያዙት አውሮፕላን። «አይከፈትም» አሉ እማማ ረጋ ብለው። «ጆሮሽን ሲደፍንሽ ከረሜላ ትመጥጫለሽ። ሲንገጫገጭ የአስተናጋጆቹን ፊት እዪ። እነሱ ውሃ እየቀዱ ከሆነ ምንም የለም ማለት ነው።»

የመምህርቷ ደም ፈላ። ይህ እኮ የራሷ ቃል ነው። መጀመሪያ የተሳፈሩ ዕለት ለባሏ ያለችው ነው። ሹፌር መሪው እጁ ላይ ካልሆነ ልቡ አይረጋም፤ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ወለሉን በሁለት እግሩ እየረገጠ ፍሬን ሲይዝ የነበረው፣ እጇን እስኪያብጥ የጨበጠው የእማማ ልጅ ነው! አሁን ፍርሃቱ ከልጅየው ላይ ተነሥቶ ምራት ላይ ተለጠፈ። ዓይንን በጨው መታጠብ ማለት ይኼ ነው። በሩን ገፍታ ልትገባ እጇን ስታነሣ ሲስተር እንዲህ ሲሉ ሰማች፦ «እማማ፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ እርስዎ ባይኖሩ ቲኬቱን እመልሰው ነበር። እርስዎን ተማምኜ ነው።» ቀጥሎ የመጣው የእማማ ድምፅ ቀጥኖ ነበር። «እንግዲህ... ዛሬ ራሴን ትንሽ አሞኛል። እስቲ እናያለን» አሉ።

መምህርቷ እጇን መለሰች። እማማ ለምን እንደታመሙ ታውቃለች። ትናንት ማታ የባሏ እህት ደውላ፣ ዘንድሮ ቤቷ በራሷ ባል ዘመዶች ስለሞላ ለእናቷ ማረፊያ እንደሌላት ተናግራ ነበር። ባሏ ስልኩን ዘግቶ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና «እማዬን ብቻዋን ጥያት አልሄድም። ጠዋት ቲኬቱን እመልሳለሁ» አለ። በሕይወቷ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ለነዚያ ሕፃናት ሰማያዊ ባሕር ስትሥል የከረመች ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እማማም በስሷ ግድግዳ ማዶ ሁሉንም ሰምተዋል። አሁን ባልና ሚስቱ ቢቀሩ እማማም በበሽታ አሳበው ይቀራሉ፤ እማማ ከቀሩ ሲስተር አይሄዱም፤ ያቺ ሕፃንም አያቷን ሳታይ ጥርስ ታበቅላለች።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከየጉዞው ሲመለሱ እማማ ሶፋው ላይ መሐላቸው ገብተው የሚያዘንቡት ጥያቄ ትዝ አላት። ወንበሩ ምን ቀለም ነው? ምን አበሏችሁ? ሽንት ቤቱስ? በረዶ ሲረግጡት ድምፅ አለው? ባሏ በሦስተኛው ጥያቄ ይሰለችና ቴሌቪዥን ይከፍታል። እሷ ግን ተረት መንገር ሥራዋ ነውና ከሥር ከሥሩ ትተርክላቸዋለች። ጨዋታ መስሏት። ለካ እማማ ጓዝ እየሸከፉ ኖሯል። የባሏ እህትም በየዓመቱ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ከበር አትወጣም እኮ፣ ፀሐይ እንኳ አትሞቅም» እያለች ታማርር ነበር። ለምን እንደማይወጡ አሁን ገባት፤ የሰፈር ሰው ገበያ ላይ እንዳያገኛቸው ነው። አንጀቷን በላት። ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እሷም ሆነች ባሏ አንድ ቀን «አብረውን ይምጡ» ብለው አያውቁም። የመጀመሪያው ዓመት ጫጉላ ነበር፤ ማንም እናቱን ይዞ ጫጉላ አይሄድም። ሁለተኛው ዓመት እንደ መጀመሪያው ሆነ። ከዚያ በኋላማ ሻንጣው መንገዱን ስለለመደ የሚጠይቅም የሚጠየቅም ጠፋ። ሴትዮዋ ጋባዥ ሲያጡ ራሳቸውን ጋበዙ፣ ሌላ ምን ያድርጉ?

ቆሻሻውን ጥላ ስትመለስ ባሏ ወጥ ቤት ቆሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ከስልኩ ውስጥ ጠብቁ የሚል ሙዚቃ ይንቆረቆራል። የቁርሱ ሳሕን አልተነሣም፤ ሻንጣቸው በሩ ሥር እንደ ተቀጣ ተማሪ ጥግ ይዞ ቆሟል። ልክ ሙዚቃው ቆሞ የቲኬት ሠራተኛዋ «አቤት፣ ምን ልርዳዎት?» ስትል መምህርቷ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። «የዛሬው በረራ ላይ ሦስተኛ ወንበር ይኖራችኋል?» አለች። አንድ ቀርታለች ተባለ። ዋጋው ሲነገራት ዓይኗን ጨፈነች፣ ግለጪ ሳትባል ገለጠችና «ያዢልኝ፣ አሁኑኑ እከፍላለሁ» አለች።

«ለማን ነው?» አለ ባሏ።

«ለእማማ።»

«ለእናቴ? አውሮፕላን? ሊፍት የማትገባዋን?»

«ትገባለች በላት።»

«በምን ልንከፍል ነው ደግሞ?»

«ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ባጠራቀምነው።»

«ማሽኑስ?»

«አንተ አለህ አይደል?» አለችና ትታው ወደ እማማ ክፍል ሄደች። ስለ ሰማችው ነገር ለባሏ አልነገረችውም። እሱ ቢያውቅ ይስቃል፤ የሚስቀውም ክፋት ኖሮበት ሳይሆን አፉ ስለማይዘጋለት ነው። ሹፌር የሰማውን ሁሉ በየፌርማታው ያወርዳል።

እማማ ቀድመዋት በኋለኛው ደረጃ ወጥተው፣ ራሳቸውን በሻሽ ጥፍር አድርገው አስረው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ አንዲት መደርደሪያ። መደርደሪያዋ ላይ ከተራራው የመጣው ድንጋይ፣ ከበረሃው የመጣው አሸዋ በብልቃጥ፣ ከጫካው የመጣው ትልቅ ደረቅ ቅጠል አቧራቸው ተጠርጎ ተሰልፈዋል። ሁሉንም ያመጣችላቸው መምህርቷ ናት። ለሲስተርና ለሕንጻው ሴቶች ግን ምስክር ሆነው ስንቴ ደረጃ እንደወረዱ ራሳቸው ያውቃሉ። ካፖርቱ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፣ ሻንጣውም ተዘግቶ ቆሟል። መሄጃ ባይኖርም እማማ ጓዛቸውን ሸክፈዋል። መምህርቷ አጠገባቸው ተቀመጠችና ጉልበታቸውን ነካ አደረገች።

«አመመዎት እንዴ እማማ?»

«ራሴን ነው። እናንተ ሂዱ ልጄ፣ ለእኔ ብላችሁ አትቅሩ። አንድ ሰው ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

«እሱስ እንሄዳለን። ግን አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር» አለች መምህርቷ። ሕፃናቱን ስታባብል የምታወጣው ድምፅ ሊመጣባት ሲል ዋጥ አደረገችውና እንደ እኩያ ተናገረች። «መቼም እኔ አውሮፕላን ስፈራ አይጣል ነው። እጄን የሚይዘኝ ካላገኘሁ አልሳፈርም። ዘንድሮ ደግሞ ሲስተርም አሉ፣ እሳቸውም ይፈራሉ። እንዲያው የለመደ ሰው መሐላችን ቢቀመጥልን ብዬ ቲኬትዎን አስቆርጫለሁ።»

እማማ ቀና ብለው አዩዋት። ቀጥሎ በሩን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ መደርደሪያዋን አዩ። ፊታቸው ቀላ፣ ከዚያም ጠቆረ። ወጥ ቤት ባሏ ሳሕን ሲያጥብ ይሰማል፣ ቧንቧው ይንጠባጠባል። ሰማሽኝ ወይ አላሉም። ሰማሁዎት አላለችም። አንዳንድ ነገር ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይታለፋል፤ ሁለቱም ያንን አሳልፈው ተቀመጡ። በመጨረሻ የእማማ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ራሳቸው ሄደ፣ ሻሹን ፈታው፣ አጣጠፈው፣ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ቀበቶ» አሉ፣ «እንዴት ነበር የሚታሰረው ያልሽኝ?»

የወጥ ቤቱ ወንበር መጣ፣ በሩ ተዘጋ። መምህርቷ አብራ ያመጣችውን የባሏን የሱሪ ቀበቶ በወንበሩ መደገፊያ አዞረችና እማማን ከነካፖርታቸው አሰረቻቸው። ዘለበቱን ቀጭ ማድረግ፣ ወደ ራስ ጎትቶ ማጥበቅ፣ ሲፈቱት ክዳኑን ብድግ ማድረግ። የሱሪው ቀበቶ ክዳን ስለሌለው የክብሪት ቀፎ ለጠፈችበት። ከዚያ ወንበሩን ከኋላ ጋደል አድርጋ «አሁን ተነሣ» አለች፣ «አሁን ጆሮ ይደፍናል፣ አሁን ድው ይላል፣ እሱ ጎማው ሲታጠፍ ነው፣ አይደንግጡ።» እማማ ጥርሳቸውን ነክሰው የወንበሩን ጠርዝ ይዘው አልደነገጡም። ይህን ጊዜ ባሏ እጁን እየጠረገ በሩን ከፈተ። እናቱ በእሱ ቀበቶ ወንበር ላይ ታስረዋል፣ ሚስቱ ወንበሩን ጋደል አድርጋ ይዛለች።

«ምን እየሆናችሁ ነው?» አለ።

«ምን አገባህ?» አሉ እናቱ ወንበሩ እንደተጋደለ። «ሂድና አንተ በእግርህ የምትይዘውን ፍሬን ተለማመድ።»

መምህርቷ ሳቋ አመለጣት። ወንበሩን ልትለቀው ምንም አልቀራት፤ እማማም አብረው ሳቁ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ፈሪው ማን እንደሆነ እማማ ድሮም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ልጃቸውን ለመሸፈን ብለው ነው ምራታቸውን የሰጡት። የእናት ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል! ባልየው ሁለቱንም አንድ በአንድ አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሻንጣው እንደ ወትሮው እየተንቋቋ ወረደ። የዛሬው ሳይብስ አይቀርም። ታክሲው ውስጥ ሲስተር የሕፃን ልብስ የሞላ ከረጢት ታቅፈው እማማን ተጣብቀው ተቀመጡ። አውሮፕላን ማረፊያው ደጅ ላይ ደግሞ አምና ያልነበረ ጉድ ጠበቃቸው፤ በራሱ የሚወጣ ደረጃ። ሰዉ እየረገጠ ይቆማል፣ ደረጃው ይዞት ይሄዳል። መምህርቷ ይህን አይታው ስለማታውቅ ለእማማ አልተረከችላቸውም፤ ስለዚህ እማማ አያውቁትም። ሻንጣቸውን ይዘው ፊት ለፊቱ ድርቅ ብለው ቆሙ። ከኋላ ሰው ተከመረ። «በዚህ ነው እማማ?» አሉ ሲስተር። መምህርቷ ልቧ ተንጠለጠለ። እማማ ደረጃውን ከእግር እስከ ራሱ ገላምጠው አዩትና «እሱ ለሰነፍ ነው» አሉ። «ብዙ የሚቀመጥ ሰው አስቀድሞ እግሩን ማፍታታት አለበት። በወዲያኛው ነው የምንወጣው።» ሲስተር በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነትዎን ነው፣ ለደም ዝውውርም ጥሩ ነው» አሉና ሁለቱ አሮጊቶች ጎን ለጎን በእግራቸው ወጡ። ሹፌሩ የሦስት ሰው ሻንጣ ተሸክሞ እያለከለከ ተከተላቸው።

የአውሮፕላኑ ወንበር ሰማያዊ ነበር። እማማ ዳሰሱት፣ ወደ መምህርቷ ዞር ብለው በዓይናቸው ልክ ነሽ አሏት። ከሰው ጋር ወንበር ተለዋውጠው ሲስተር በመስኮቱ በኩል፣ እማማ መሐል፣ መምህርቷ ዳር፤ ባሏ ከመተላለፊያው ማዶ። ቀበቶው ያለ ክብሪት ቀፎ ቀጭ አለ። እማማ ለሲስተርም አሰሩላቸው። ከረሜላው ታደለ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ሲስተር ዓይናቸውን ጨፍነው የእማማን ቀኝ እጅ ያዙ። «አይዞሽ ሲስተር» ይላሉ እማማ እንደ ድንጋይ በጸና ድምፅ፣ «አሁን ጆሮሽን ይደፍንሻል። አሁን ድው ይላል፣ ጎማው ነው። ያቺን አስተናጋጅ እያት፣ ፈገግ ብላለች፣ ምንም የለም።» የእማማ ግራ እጅ ግን ካፖርቱ ሥር የመምህርቷን እጅ አግኝቶ ነበር። አያያዙ የመያዝ አልነበረም፣ የመጭመቅ ነው። ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ ጥፍራቸው መዳፏ ውስጥ ይገባል። መምህርቷ ጣቶቿ እየደነዘዙ ዝም ብላ ሰጠቻቸው። ማዶ ባሏ በሁለት እግሩ ወለሉን ረግጦ በአፍንጫው ይተነፍሳል። የእናትና ልጅ ፍርሃት አንድ ዓይነት መሆኑን አየችና ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

ውሃ ተቀዳ። ደመና መጣ፣ ደመና ሄደ። እማማ እያንዳንዱን ነገር ከተነገራቸው ጋር እያስተያዩ ተጓዙ፤ ዳቦው ትንሽ ነው ተብሎ ነበር፣ ትንሽ ነው። ሽንት ቤቱ ይጮኻል ተብሎ ነበር፣ ደርሰው መጥተው ይጮኻል አሉ። ለሲስተር ሁሉንም ቀድመው ስለሚነግሯቸው ሲስተር ቀስ በቀስ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ቀጥሎም አንቀላፉ። ከዚያ አውሮፕላኑ ጋደል አለ፣ መስኮቱም በሙሉ ሰማያዊ ሆነ። ጫፍ የሌለው፣ ፀሐይ የሰበረችበት፣ ነጭ ነጭ መስመር ወደ ዳር የሚገፋ ሰማያዊ። እማማ በሲስተር ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ይኼን አልነገርሽኝም» አሉ በሹክሹክታ።

«እኔም ገና ማየቴ ነው፣ እማማ» አለች መምህርቷ።

ተያይዘው አዩት። የእማማ እጅ ላላ አለ እንጂ አልለቀቀም። መምህርቷ ባሕሩ ምን እንደሚመስል ለማንም መተረክ እንደማይኖርባት ስታስብ ደስ አላት።

ጎማው መሬት ነካ፣ ሹፌሩ በሙሉ ኃይሉ ፍሬን ያዘ፣ አውሮፕላኑም ቆመ። ሰዉ ዕቃውን ሲያወርድ ሲስተር ከእንቅልፋቸው ነቅተው ከረጢታቸውን አነሡና ዓይናቸው የመምህርቷ እጅ ላይ አረፈ። መዳፏ ቀልቷል፣ የጥፍር ምልክት በሰልፍ ታትሞበታል። አዋላጅ ናቸውና እጅ መጨበጥ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ያቺ ሚስኪን በፍርሃት ስንቴ የራሷን መዳፍ በጥፍሯ እንደጨበጠች አሰቡና ከንፈራቸውን መጠጡ። «ልጄ፣ ይህን ያህል ነው እንዴ የምትፈሪው? እማማ ሲነግሩኝ የተጋነነ መስሎኝ ነበር» አሉ።

ባሏ አፉን ከፈተ። መምህርቷ እግሩን ረገጠችው።

«ምን ላድርግ ሲስተር» አለች፣ «እማማ ባይኖሩልኝ ኖሮ አልሳፈርም ነበር።»

እማማ ካፖርታቸውን ቆለፉ፣ የሻንጣቸውን እጀታ ያዙና ቀድመው መተላለፊያው ላይ ወጡ። «ተያት ሲስተር» አሉ ዞር ሳይሉ። «ትለምደዋለች።»